ኀዘን፥ ትካዜ፥ ኵርፊያና ሀኬት

ለእያንዳንዱ ሕመም የራሱ መድኀኒት እንዳለው ሁሉ፥ ለእያንዳንዱ የልብ መክበድም የራሱ ስም አለው። ስሙ የተሳተ እንደ ሆነ መድኀኒቱም ይሳታል። ኀዘንተኛውን ሰነፍ ያሉት እንደ ሆነ በቍስሉ ላይ ቍስል ይጨምሩበታል፤ አኵራፊውን ሕመምተኛ ያሉት እንደ ሆነ በኵርፊያው ያጸኑታል፤ ሕመምተኛውን አኵራፊ ያሉት እንደ ሆነ ግን ነፍሱን ለአደጋ አሳልፈው ይሰጣሉ። ስለዚህ የቀደሙት አባቶች እነዚህን ቃላት ንግግር ለማሳመር ብለው አላበዟቸውም፤ ልዩ ልዩ ነገር አይተው ልዩ ልዩ ስም ሰጧቸው እንጂ።

በዛሬው ዘመን በሐዋሳ መሃል ከተማ፥ ከቅዱስ ገብርኤል ካቴድራል አደባባይ እስከ ሐይቁ ዳር ባለው ጎዳና፥ ሰውና ሰው ተገናኝተው «እንዴት ነህ?» ሲባባሉ፥ ልቡ የከበደው ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ደብሮኛል» የሚል ነው። እናቱ የሞተችበትም፥ በፈተና የወደቀውም፥ ከወዳጁ የተኳረፈውም፥ ሥራ ፈትቶ የዋለውም፥ እንቅልፍ ከዐይኑ ከራቀ ወር የሞላውም ይህንኑ ቃል ይናገራል። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቈረቈረች፥ ሲዳማው፥ ወላይታው፥ ጉራጌው፥ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙባት ከተማ ናት። ልዩ ልዩ አፍ ያላቸው ሰዎች በአንድ ቋንቋ ሲገበያዩ፥ ብዙ ነገር የሚይዝ ሰፊ ቃል ይመቻቸዋል። ይሁን እንጂ ነገሩ የሐዋሳ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም እንዲሁ ነው። የሁሉ መጠሪያ የሆነ ቃል ደግሞ የማናቸውንም ነገር ለይቶ አያሳይም።

እንግዲህ አስቀድሞ ቃላቱን እየለዩ ማየት ይገባል። ኀዘን ምክንያቱ የታወቀ የልብ ስብራት ነው፤ ያዘነ ሰው «ስለ ምን አዘንህ?» ቢሉት መልስ አለው፤ ሰው ሞቶበታል፥ ሀብት ጠፍቶበታል፥ ወይም ኀጢአቱን አስቦ ተጸጽቷል። ትካዜ ሐሳብ የተቀላቀለበት ኀዘን ነው፤ የተከዘ ሰው እጁን በጕንጩ አስደግፎ የራቀውን ነገር ያስባል፤ ትካዜው ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፥ ጥበብም ከእርሱ ይወለዳል። በግዕዝ «ትካዝ» ይህ ሐሳብ ያለበት ኀዘን ሲሆን፥ «ተከዚ» ደግሞ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ የቅኔ ተማሪ አንዱን ሰም አንዱን ወርቅ አድርጎ፥ የሰው ሐሳብ በሌሊት ሳይቋረጥ እንደሚፈስስ ሊያመሰጥርበት ይችላል። ቍዘማ ይህ ሁሉ በውጭ ሲታይ ነው፤ አንገትን ደፍቶ፥ ዝም ብሎ መቀመጥ።

ኵርፊያ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ኀዘን ብቻውን በዋሻ ሊኖር ይችላል፤ ኵርፊያ ግን ተመልካች ይሻል። አኵራፊ የሚያኰርፈው በሌላ ሰው ላይ ነው፤ ፊቱን የሚያዞረው ፊቱን መዞሩን እንዲያዩለት ነው፤ ምግብ የሚተወው «ብላ» እንዲሉት ነው። ኵርፊያው ሳይፈታ ሲያድር ወደ ውስጥ ገብቶ ቂም ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተመልካች መሻቱን ይተውና መሸሸግ ይጀምራል። ንጭንጭ የሕፃንና የታማሚ ነው፤ በማንም ላይ ያልታለመ፥ በሁሉም ላይ የሚወርድ ትንሽ ቍጣ ነው። ኮስታራና ጨፍጋጋ የሚባሉት ደግሞ የአንድ ቀን ስሜት ሳይሆኑ የጠባይ ስሞች ናቸው። በእነርሱም መካከል ልዩነት አለ፤ ኮስታራ ዳኛ ቢባል ምስጋና ሊሆን ይችላል፤ ጨፍጋጋ ዳኛ ቢባል ግን ነቀፋ ነው፥ ቃሉ ፀሓይ ከማይወጣበት ከደመናማ ሰማይ የተወሰደ ነውና። በመጨረሻም ሀኬት አለ፤ እርሱም ምክንያት ሳይኖር መልካሙን ነገር ሁሉ መሰልቸት፥ የነፍስ መዛልና መስነፍ ነው።

ይህ ልዩነት የመምህራን ልብ ወለድ እንዳልሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ይመሰክራል። በመጽሐፈ ነገሥት ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ዘመን ተጋድመው ይታያሉ። አንደኛው ነቢዩ ኤልያስ ነው፤ ኤልዛቤል ልትገድለው ብትዝት ወደ ምድረ በዳ የአንድ ቀን መንገድ ሄደ፥ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞቱን ለመነ፥ ተኝቶም አንቀላፋ። ሁለተኛው ንጉሡ አክዓብ ነው፤ ናቡቴ የወይን ቦታውን አልሰጥም ቢለው ወደ ቤቱ ገብቶ በአልጋው ላይ ተጋደመ፥ ፊቱን ሰወረ፥ እንጀራ መብላትም እንቢ አለ። በሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ተኝተዋል፥ ሁለቱም ሰው አይሹም፥ ሁለቱም አይበሉም።

ሆኖም የተደረገላቸውን ተመልከቱ። ወደ ኤልያስ የመጣው መልአክ አልገሠጸውም፤ «አንተን የመሰለ ነቢይ እንዴት ሞት ይመኛል?» አላለውም። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ አቀረበለት፤ በልቶ ተመልሶ ቢተኛ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው፥ መንገዱም ከኃይሉ በላይ እንደ ሆነ ነገረው። ነቢዩም በዚያ ምግብ ኃይል ዐርባ ቀንና ዐርባ ሌሊት ተጕዞ ወደ ኮሬብ ደረሰ። አክዓብን ግን ሚስቱ ኤልዛቤል አባበለችው፤ የተመኘውን አመጣልሃለሁ ብላ ኵርፊያውን በመፈጸም ፈወሰችው። የዚያም ፍጻሜ የናቡቴ በድንጋይ ተወግሮ መሞት ሆነ። የደከመውን ነቢይ እንደ አክዓብ ቢቈጥሩት በበረሓ በሞተ ነበር፤ ያኰረፈውን ንጉሥ እንደ ደከመ ሰው ቢቈጥሩት ግን ንጹሕ ሰው ሞተ። ስምን ለይቶ መጥራት የሕይወትና የሞት ነገር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ሦስተኛም ዮናስ አለ፤ ነነዌ ስላልጠፋች ከከተማው ወጥቶ አኰረፈ፤ እግዚአብሔርም አላባበለውም፥ አልመታውምም፤ በቅሏ ምሳሌ «ይህን ያህል ልትቈጣ ይገባሃልን?» ብሎ ጠየቀው። የኵርፊያ መድኀኒት እውነተኛ ጥያቄ ነውና።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ ነገሩን በጥልቅ የመረመሩት የግብፅ በረሓ መነኮሳት ናቸው። በ4ኛው መቶ ዓመት በኒጥርያና በአስቄጥስ አካባቢ ብዙ መነኮሳት በተሰበሰቡ ጊዜ፥ በበኣት ብቻውን የሚኖር ሰው የልቡን ክብደት የሚያመካኝበት ጎረቤት ስለሌለው፥ የሐሳቡን መምጣትና መሄድ እንደ ሐኪም ይቈጥር ጀመር። ከእነዚህም አንዱ በ399 እ.ኤ.አ. የሞተው ኤዋግሪስ ነው፤ ከትምህርቱም ከፊሉ በግዕዝ ይገኛል። እርሱ ክፉዎችን ሐሳቦች ስምንት አድርጎ ሲቈጥር ኀዘንን፥ ቍጣንና ሀኬትን ለየብቻ አቆማቸው። ኀዘን ከምኞት መጕደል ይመጣል፥ አንዳንድ ጊዜም ቍጣን ይከተላል አለ። ሀኬትን ግን በዳዊት መዝሙር ከተጠቀሰው ከቀትር ጋኔን ጋር አንድ አድርጎ፥ ከሁሉ የሚከብድ ነው አለ።

ስለ ሀኬት የጻፈው ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ቅርብ ነው። ይህ ጋኔን ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት መነኩሴውን ይከብበዋል ይላል፤ የጥንቱም ሰዓት ቀኑን ከፀሓይ መውጣት ጀምሮ የሚቈጥር ስለ ነበረ፥ የሐዋሳም የጎንደርም ሰው ዛሬ ሰዓቱን ሳይለውጥ ያነበዋል። በዚያን ጊዜ መነኩሴው ፀሓይ የቆመች ይመስለዋል፤ ቀኑ ኀምሳ ሰዓት ያህል ይረዝምበታል፤ በመስኮት እያየ የሚመጣ ወንድም ካለ ይጠብቃል፤ ቦታውን ይጠላል፥ የእጁን ሥራ ይጠላል፥ በሌላ ገዳም ኑሮ የሚሻል ይመስለዋል። ስለ አባ እንጦንስም እንዲህ ተብሎ ይነገራል፤ በዚሁ ሀኬት በተያዘ ጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ተመልሶም ሲታታ አየ፤ ያም መልአክ ነበረና የሀኬት መድኀኒት ሥራና ጸሎት እየተፈራረቁ መሆናቸውን አስተማረው።

ይህ የአባቶች ትምህርት በሁለት መንገድ ሄደ። ወደ ምዕራብ የሄደው በዮሐንስ ካስያን እጅ ወደ ላቲን ገባ፤ በ604 እ.ኤ.አ. የሞተው የሮሙ ጎርጎርዮስ ግን ስምንቱን ሰባት ሲያደርግ ሀኬትን ከኀዘን ጋር ቀላቀለው፤ ኋላም ቃሉ እየተለወጠ ሥራ ፈትነት ብቻ ተባለ። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሄደው ደግሞ በሶርያና በዐረብ ቋንቋ አልፎ ወደ ግዕዝ ተመለሰ፤ ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት እስከ ዛሬ በአንድምታ ትርጓሜ በጉባኤ ቤት ይነገራሉ። ስለዚህ በኢትዮጵያ መምህራን ዘንድ ሀኬት ምን እንደ ሆነ፥ ከኀዘንም እንዴት እንደሚለይ ሲነገር ኖሯል።

የቋንቋው ልማድም በዚህ ላይ የራሱን ጨመረ። የጥንት ግሪኮች የሰው ጠባይ ከአራት ፈሳሾች ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ ጥቁር ሐሞት የበዛበትንም ሰው «ሜላንኮሊ» የያዘው ነው አሉ፤ ትርጓሜው ጥቁር ሐሞት ማለት ነው። አማርኛ ግን ሐሞትን ለትካዜ አልሰጠም፤ ለወንድነትና ለድፍረት ሰጠው እንጂ። ሐሞተ ቢስ ማለት ፈሪ ነው፤ ሐሞቱ ፈሰሰ ማለት ወኔው ከዳው ማለት ነው። ሐበሻ ኀዘኑን ያስቀመጠው በሆዱና በአንጀቱ ነው። ሆድ ባሰው ሲባል የሚረዳው አጥቶ ለራሱ አዘነ ማለት ነው፤ ሆደ ባሻ በጥቂት ነገር የሚከፋው ነው፤ አንጀቱ አረረ ሲባል ደግሞ የተቃጠለ ቍጭት ነው። አንድ የሰውነት ክፍል በአንዱ አገር የትካዜ ምንጭ፥ በሌላው አገር የጀግንነት ምንጭ መሆኑ፥ የስሜት ቃል ቃል በቃል ከመተርጐም ይልቅ ከነቦታው መመርመር እንደሚገባው ያሳያል።

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ይህን በሚገባ ዐወቁ። አቡ ሩሚ የተባለው የኢትዮጵያ መነኩሴ አባ አብርሃም ከ1808 እስከ 1818 እ.ኤ.አ. በካይሮ ተቀምጦ መላውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ሥራውም በ1840 እ.ኤ.አ. ተጠቃልሎ ታተመ። ከዚያም በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመን ዐዲስ ትርጕም ተዘጋጅቶ በ1954 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ ትርጕም ውስጥ ቃየን መሥዋዕቱ ባልተወደደለት ጊዜ ፊቱ ጠቈረ ይባላል፤ ዕብራይስጡ ፊቱ ወደቀ ቢልም፥ በአማርኛ የወደቀ ፊት ስለማይባል ተርጓሚዎቹ የአገሩን ቃል መረጡ። በወንጌልም ጌታ ስለ ጦም ሲያስተምር ግብዞች ለሰው ይታዩ ዘንድ እንደሚጠወልጉ ይናገራል፤ ከትንሣኤውም በኋላ በኤማሁስ መንገድ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ጠውልገው ሲሄዱ ያገኛቸዋል። በሁለቱም ስፍራ የግሪኩ ቃል አንድ ነው፤ በሐዲስ ኪዳንም ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር በሌላ ቦታ አይገኝም። ተርጓሚዎቹም በሁለቱም ስፍራ «መጠውለግ» የሚለውን አንዱን ቃል አቆሙ። ፊቱ አንድ ሲሆን ልቡ ሁለት ነው፤ ግብዙ የሚጠወልገው ለታይታ ነው፥ ደቀ መዝሙሩ የሚጠወልገው ተስፋው ስለ ተሰበረ ነው። አንዱ ተነቀፈ፥ ከሁለተኛው ጋር ግን ጌታ አብሮት መንገድ ሄደ።

ከባሕር ማዶ ይህን ነገር አብልጦ የመረመረው የእንግሊዝ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን ነው፤ ታሪኩም ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ከ42 ሺሕ በላይ ቃላት የያዘውን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እርሱ ራሱ ከወጣትነቱ ጀምሮ በከባድ ትካዜ የሚሠቃይ፥ አእምሮዬን እስታለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ነበር። ስለዚህ «ሜላንኮሊ» የሚለውን ቃል በፈታ ጊዜ በአንድ ፍቺ አላለፈውም፤ ሦስት አድርጎ ለየው፤ አንደኛው ከጥቁር ሐሞት የሚመጣ በሽታ፥ ሁለተኛው አእምሮ በአንድ ነገር ብቻ ተተክሎ የሚቀርበት የእብደት ዐይነት፥ ሦስተኛው ያዘነና የማይረካ ጠባይ ነው። የእንግሊዞች ቋንቋ በዚህ ነገር ባለጸጋ ነው። «ሰለን» የሚሉት ቂም ቋጥሮ ዝም የሚለውን ነው፥ ቃሉም ብቻነት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ «ሰልኪ» እንደ ሕፃን የሚያኰርፈው ነው፤ «ሞሮዝ» በጠባዩ ጨፍጋጋ የሆነው ነው፤ «ግሉሚ» ጨለማ ያጠላበት ነው፥ ለሰማይም ለሰውም ይነገራል። በአማርኛ ለእያንዳንዳቸው ቂመኛ፥ አኵራፊ፥ ጨፍጋጋ፥ ፊቱ የጠቈረ ብሎ መመለስ ይቻላል፤ አማርኛ ቃል አጥሮት አያውቅምና።

ጆንሰንን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ በ1625 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጕዞ ታሪክ ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የሱስንዮስ ወንድም የራስ ሥዕለ ክርስቶስም ስም በልቡ ቀረ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፥ በ1759 እ.ኤ.አ. እናቱ በሞተች ጊዜ፥ ለቀብሯ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ጽፎ የኢትዮጵያ መስፍን የራስላስን ታሪክ ፈጠረ። በወሎ በአምባ ግሸን የነገሥታት ልጆች ተጠብቀው ይኖሩ የነበረበትን ነገር ሰምቶ፥ ምንም የማይጐድልበት የደስታ ሸለቆ አድርጎ ሣለው። ይህንም መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ያዘኑ ሰዎች አሉ፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። አንደኛው መስፍኑ ራስላስ ነው፤ የሚፈልገውን ሁሉ ስላገኘ የሚፈልገው አጣ፤ ይህ አባቶች ሀኬት ያሉት ነው፥ መድኀኒቱም ከሸለቆው ወጥቶ መድከም ሆነ። ሁለተኛዋ እኅቱ ነቃያ ናት፤ የምትወዳት ደንገጡሯ በዐረቦች ተማርካ ብትወሰድባት በእውነተኛ ኀዘን ወደቀች፤ መድኀኒቷም የቀናት ማለፍና የአማካሪ ቃል ሆነ። ሦስተኛው ኮከብ ቈጣሪው ነው፤ ከብቻነት ብዛት ዝናምንና ፀሓይን የምገዛ እኔ ነኝ የሚል ሐሳብ አእምሮውን ይዞት ነበር፤ እርሱንም የፈወሰው የሰው ወዳጅነት ነው። በእናቱ ሞት ያዘነና በገዛ አእምሮው የሚፈራ ሰው እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ ማቆሙ፥ ከኀዘን ጋር የኖረ ሰው ኀዘንን ከሌላው የልብ ክብደት ለይቶ እንደሚያውቅ ያስረዳል።

ቃላትን ለይቶ የመመዝገብ ሥራ በኢትዮጵያም ብዙ ትውልድ የደከመበት ነው። ከአማራው ከመካነ ሥላሴ የተነሣው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በጎታ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጦ ቋንቋውን አስተማረው፤ ሉዶልፍም በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛን መዝገበ ቃላት አሳተመ። ኢጣልያዊው ኢኛሲዮ ጕዊዲም በ1901 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መዝገብ ሲያዘጋጅ የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ረዳትነት ነበረው። እኒሁ መምህር የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ፤ አለቃም ዕድሜያቸውን በሙሉ ደክመውበት ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ደስታ ተክለ ወልድ ከዳር አድርሰው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ደስታም የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። መምህር ለደቀ መዝሙር፥ ደቀ መዝሙርም ለደቀ መዝሙር እያስረከበ ሦስት ሰው የደከመበት መዝገብ በእጅ ሳለ፥ ትውልዱ በአንድ «ደበረኝ» መቅረቱ የሚያስቈጭ ነው።

የሚያስቈጨው ደግሞ ለቋንቋ ውበት ብቻ አይደለም። በዛሬው የሕክምና ትምህርት ሐኪሞች ለይተው የሚያውቁት አንድ ሕመም አለ፤ በአማርኛም አንዳንዶች ድብርት፥ አንዳንዶች ድባቴ ይሉታል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ደስታ የሚባል ነገር መጥፋት፥ እንቅልፍና ምግብ መዛባት፥ ጕልበት ማጣት፥ ራስን እንደማይረባ መቍጠር፥ ሞትን ማሰብ ምልክቶቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በምድር ላይ 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም ተይዘው እንደ ነበር ገምቷል። በኢትዮጵያም በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ያን ጊዜ ዋና ከተማው ሐዋሳ በነበረው በደቡብ ክልል፥ በቡታጅራ ከ68 ሺሕ በላይ ጐልማሶች ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም እየተጠየቁ ተመርምረዋል። የጥያቄው ቅጽ በአማርኛ ተተርጕሞ ነበርና፥ ያም ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የቃል ሥራ ነበረ፤ ሰው ሕመሙን የሚናገርበት ቃል ሳይታወቅ ሕመሙ ሊቈጠር አይቻልም።

እንግዲህ «ደብሮኛል» የሚለው ወጣት ከአምስት ነገሮች አንዱን ይናገር ይሆናል። ሰው ሞቶበት እንደ ሆነ ያዘነ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሣልስትን፥ ዐርባን፥ ሰማንያንና ሙት ዓመትን ሠርታለች፤ ኀዘኑ ልክ እንዲኖረው፥ ኀዘንተኛውም ብቻውን እንዳይሆን ነው። ከሰው ተጣልቶ እንደ ሆነ ያኰረፈ ነው፤ ለእርሱ የሚገባው ሽማግሌና ዕርቅ ነው፥ ሐዋርያው ጳውሎስ በቍጣችን ላይ ፀሓይ እንዳይገባ አዝዟልና። በኀጢአቱ ተጸጽቶ እንደ ሆነ ኀዘኑ መልካም ነው፤ ይኸው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ የሆነውን ኀዘን ሞትን ከሚያመጣው ከዓለም ኀዘን ለይቶታል፤ የንስሓ አባቱም ይጠብቀዋል። ሥራ ፈትቶ ወይም ሥራውን ሰልችቶ እንደ ሆነ በሀኬት የተያዘ ነው፤ እንደ እንጦንስ ገመድ ይታታ፥ ተነሥቶም ይጸልይ። ሕመም እንደ ሆነ ግን «ተነሥና ሥራ፥ እምነትህ ጐደለ» ማለት የተሰበረ እግር ያለውን ሰው ሩጥ ማለት ነው፤ እርሱ የሚያስፈልገው እንደ ኤልያስ እንጀራና ውሃ የሚያቀርብለት ሰው፥ ወደ ሐኪም የሚያደርሰውም ወዳጅ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ሐኪምን መሻት ጠበልንና ጸሎትን መናቅ ይመስላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክ ግን ይህን ጥርጥር ይፈታል። በ38ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ሐኪምን አክብር፥ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፥ መድኀኒትንም ከምድር አውጥቷል ብሎ ያስተምራል፤ ታማሚውም አስቀድሞ እንዲጸልይ፥ ቀጥሎም ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህን ከጨረሰ በኋላ በዚያው ምዕራፍ ስለ ሙት ልቅሶ ይናገራል፤ ለሙት አልቅስ፥ ለክብሩም እንደሚገባ እዘንለት፥ ከዚያ በኋላ ግን ተጽናና፥ ልብህን ለኀዘን አሳልፈህ አትስጥ ይላል። ጠቢቡ ሕመምንና ኀዘንን በአንድ ምዕራፍ አስቀመጣቸው እንጂ በአንድ ስም አልጠራቸውም፤ ለአንዱ ሐኪምን፥ ለሌላው ልቅሶንና መጽናናትን ሰጠ።

ስለዚህ የንስሓ አባትም፥ አስተማሪም፥ ወላጅም «ደበረኝ» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ ቃሉን እንደ መልስ ሳይሆን እንደ በር ይቍጠረው። ከዚያ በኋላ «ሰው ሞቶብህ ነውን? ከማን ጋር ተጣላህ? እንቅልፍ ይወስድሃልን?» ብሎ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠይቅ። አባቶች እነዚህን ስሞች ለይተው ያስረከቡት በጉባኤ ቤት እንዲጠኑ ብቻ አይደለም፤ የተከዘ ሰው የሚገባውን መድኀኒት እንዲያገኝ ነው እንጂ።